ገና እርጥብ ሳለ፦ የእጅ ድርቀትና ስንጥቅ በበጋ

[የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል]

አቅራቢ፦ ይህ በቦንጋ ከተማ፣ በጊምቦ፣ በዴቻ፣ በጨና፣ በአዲዮ፣ በጌሻና በሌሎቹም የካፋ ዞን ወረዳዎች ለምትገኙ አድማጮች የተዘጋጀ ሳምንታዊ የጤና ዝግጅት ነው።

ወቅቱ ቡና የሚለቀምበትና የሚሰጣበት ነው። ሌሊቱ ይበርዳል፤ ጠዋት ጉሙ ሳይገፈፍ ሥራ ይጀመራል፤ ከረፋድ በኋላ ደግሞ ፀሐዩ ይበረታል። በዚህ ወቅት በብዙ ቤት የሚሰማ አንድ ሮሮ አለ፤ "እጄ ተሰነጣጠቀ" የሚል። የዛሬው ዝግጅት ስለ እጅ ድርቀትና ስንጥቅ ነው።

እስቲ በጥያቄ እንጀምር። ማዕድ ቀርቦ፣ እጃችሁን ታጥባችሁ፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ስትጠቀልሉ የወጡ በርበሬ አውራ ጣታችሁ ላይ ካለው ስንጥቅ ገብቶ አቃጥሏችሁ ያውቃል? የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ፣ የልጅ ፀጉር መጎንጎን፣ ክር በመርፌ ማስገባት አቅቷችሁስ ያውቃል?

ያውቃል የምትሉ ብዙ እንደሆናችሁ አያጠራጥርም። "የሥራ ሰው እጅ እንዲህ ነው፤ ምን ይደረጋል?" ብላችሁ የተዋችሁትም አትጠፉም። የዛሬው ዝግጅት ግን ይደረጋል ይላል። ሠራተኛ እጅ መሰንጠቅ የለበትም። ከተሰነጠቀም በቤት ውስጥ ባለ ነገር፣ በትንሽ ወጪ ይድናል። ለዚህ ግን አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፤ ቅባቱ መቼ እንደሚቀባ።

[አጭር ሙዚቃ]

አቅራቢ፦ መጀመሪያ አንድ አጭር ጭውውት እናሰማችኋለን። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ከቤት ቤት ስትዞር አንዲት እናት ዘንድ ትደርሳለች።

[የዶሮ ጩኸት፤ ውሃ ከጀሪካን ሲቀዳ ይሰማል]

ባለሙያዋ፦ እንደምን ዋሉ እትዬ?

እናት፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ግቢ ልጄ፣ ግቢ። አንጓዬን ያዢኝ እንጂ መዳፌን አትጨብጪ፤ ታሟል።

ባለሙያዋ፦ ውይ! ምን ነካው? እስቲ ያሳዩኝ። የጣትዎ መታጠፊያ ሁሉ ተሰንጥቋል እኮ። ይሄኛውማ ደምቷል።

እናት፦ ብርዱ ነው ልጄ። በየዓመቱ ቡና ሲደርስ እንዲህ ያደርገኛል።

ባለሙያዋ፦ ለመሆኑ በቀን ስንት ጊዜ ውሃ ይነካሉ?

እናት፦ ማን ቆጥሮት! ጠዋት ዕቃው አለ፣ ከዚያ የልጆቹ ልብስ፣ ከዚያ እንሰት መፋቁ፣ ቡናውን መልቀሙ፣ ማታ ደግሞ ጎመኑን ማጠብ። እጄ መቼ ከውሃ ወጥቶ ያውቃል?

ባለሙያዋ፦ ቅባትስ ይቀባሉ?

እናት፦ ማታ ስተኛ ትንሽ ቫዝሊን ነካ አደርገዋለሁ። ምንም አልፈየደልኝም።

ባለሙያዋ፦ እሱ ላይ ነው ነገሩ እትዬ። በቀን አሥር ጊዜ ይታጠባሉ፣ አንድ ጊዜ ይቀባሉ፤ እሱንም እጅዎ ከደረቀ በኋላ።

[ሙዚቃ ከፍ ይልና ዝቅ ይላል]

አቅራቢ፦ አድማጮች፣ ባለሙያዋ ያለችውን ልብ ብላችኋል? "እሱንም እጅዎ ከደረቀ በኋላ" ነው ያለችው። ለምን እንደዚያ እንዳለች ለመረዳት የእጃችንን ቆዳ ቀረብ ብለን እንመልከተው።

የቆዳችን የላይኛው ሽፋን በጣም ስስ ነው። የተሠራው ጠፍጣፋ ከሆኑ የሞቱ ሕዋሳትና በመካከላቸው ካለ ስብ ነው። የድንጋይ ግንብን አስቡ። ሕዋሳቱ ድንጋዮቹ ናቸው፤ ስቡ ደግሞ ድንጋዮቹን የሚያያይዘው ጭቃ ነው። ጭቃው እስካለ ድረስ ግንቡ ይቆማል፤ የውስጡ እርጥበት አይወጣም፣ የውጪው ጀርምም አይገባም። ጭቃው ታጥቦ ከሄደ ግን በድንጋዮቹ መካከል ክፍተት ይፈጠራል። የቆዳ ድርቀት የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ታዲያ ያንን ስብ ማን ያጥበዋል? ዋናው ሳሙና ነው። ሳሙና የተሠራው ስብን ከቦታው ሊያነሳ ነው። የድስትን ቅባት ሲያነሳ የእጃችንን ስብም አብሮ ያነሳል፤ መለየት አይችልም። ውሃው ሙቅ ከሆነ ደግሞ ይብስበታል።

ከዚህም ሌላ ማወቅ ያለብን ነገር አለ። ፊታችን፣ ጀርባችን፣ የራስ ቅላችን የራሳቸው የቅባት ዕጢ አላቸው፤ ቅባት እያመነጩ ቆዳውን ያለሰልሳሉ። መዳፍና የእግር መርገጫ ግን ይህ ዕጢ ጭራሽ የላቸውም። ፊት ከታጠበ በኋላ ራሱ ይወዛል፤ መዳፍ ግን ከውጭ ካልተቀባ በቀር የሄደበትን ቅባት ቶሎ አይተካም። በአንድ ሰው ላይ ፊቱ ለስላሳ ሆኖ መዳፉና ተረከዙ የሚሰነጠቁት ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ወቅቱ እንምጣ። ካፋ ዝናብ የማይለየው አገር ነው፤ ከዓመቱ ወራት አብዛኞቹ እርጥብ ናቸው። ዝናቡ ጋብ የሚለው በበጋው ወራት፣ በተለይ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። ቀዝቃዛ አየር እርጥበት የመያዝ አቅሙ ትንሽ ነው። ቀን ላይ ደግሞ ፀሐዩና ነፋሱ ከቆዳችን ላይ ውሃ ይወስዳሉ። እንደ አዲዮ ባሉ ደጋ ቦታዎች ብርዱ ሲጠና ሰው ምድጃ ዳር ተቀምጦ እጁን እሳት ላይ ያሞቃል። እሳቱ ያስደስታል፤ የቀረችውን እርጥበት ግን እሱ ይጨርሳታል።

እንግዲህ እናቲቱ "ብርዱ ነው" ማለታቸው ግማሽ እውነት ነው። ብርዱና ደረቁ አየር አሉበት። ነገር ግን እጅን በዋናነት የሚጎዳው መርጠብና መድረቅ፣ መርጠብና መድረቅ፣ በየቀኑ መደጋገሙ ነው። ቆዳው በውሃ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ስቡ የሄደበት ቆዳ ይህን መለጠጥና መኮማተር አይችለውም፤ በመታጠፊያው ላይ ይተረተራል።

ይህን ደግመን እንበለው። ውሃ ብቻውን እጅን አያለሰልስም። ታጥቦ ሳይቀባ የተተወ እጅ ከመታጠቡ በፊት ከነበረው የባሰ ይደርቃል።

[አጭር ሙዚቃ]

አቅራቢ፦ አሁን ደግሞ በየሥራው እንየው።

ቡና ለቃሚ ጠዋት በጤዛ የራሰ ቅርንጫፍ እየሳበ፣ ቀይ እሸት ቡና ከነጣፋጭ ጭማቂው ይለቅማል። ጭማቂው ጣት ላይ ይደርቃል፣ ቅርንጫፉም ይቧጥጣል። ቡናው ማድረቂያ አልጋ ላይ ከተሰጣ በኋላ ደግሞ ማገላበጥና መልቀም አለ። ጀንፈሉ ሲደርቅ ሸካራ ነው፤ አቧራውም የእጅን እርጥበት ይመጥጣል።

እንሰት ፋቂ እናቶች እጃቸው ለረጅም ሰዓት በእርጥብ ነገር ውስጥ ይቆያል። ተፍቆ የተቀበረው ሲብላላ ይኮመጥጣል፤ ኮምጣጣው ደግሞ የተሰነጠቀ እጅ ላይ እንዴት እንደሚያቃጥል ቆጮ የጨመቀች ሁሉ ታውቀዋለች። በውሽውሽ የሻይ እርሻ ቅጠል የሚቀነጥሱ ሠራተኞችም ቀኑን ሙሉ የሚሠሩት በጣታቸው ጫፍ ነው። ሆቴል ቤት ዕቃ የምታጥብ ልጅ፣ በሽተኛ አይታ በሽተኛ ባየች ቁጥር የምትታጠብ ነርስ፣ ሲሚንቶ የሚያቦካ ግንበኛ፣ ሁሉም ከዚሁ ችግር ጋር ይኖራሉ። ሲሚንቶማ ከሳሙናም የበለጠ ቆዳን ይበላል።

እዚህ ላይ "እኔ በእንዶድ ነው የማጥበው፤ እንዶድ ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም" የሚል አድማጭ ይኖራል። እንዶድ ድንቅ ተክል ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወራጅ ውሃ የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ተክሉን በዓለም ያስታወቁት። ቀንድ አውጣውን የሚገድለውም አረፋ የሚያወጣውም በፍሬው ውስጥ ያለው ያው ንጥረ ነገር ነው። አረፋው ቆሻሻና ስብ ስለሚያነሳ የእጃችንንም ስብ ይወስዳል። በእንዶድ ያጠበ እጅም መቀባት አለበት።

[ሙዚቃ]

አቅራቢ፦ የተሰነጠቀ እጅን ስለማዳን ኢትዮጵያ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የተከማቸ እውቀት አለ። የት ይመስላችኋል?

አዲስ አበባ፣ አለርት ሆስፒታል። አለርት በ1958 ዓ.ም. የሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ማዕከል ሆኖ የተቋቋመ ነው፤ ዛሬ በአገሪቱ ካሉት ታላላቅ የቆዳ ሕክምና ቦታዎች አንዱ ነው። የሥጋ ደዌ ነርቭን ይጎዳል። ነርቩ ሲጎዳ መዳፍ ማላብ ያቆማል፤ ላብ የሌለው መዳፍ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ታማሚው ሕመም ስለማይሰማው ስንጥቁ እየጠለቀ፣ እየመረቀዘ ይሄዳል፤ ጣት እስከማጣት ያደርሳል።

ታዲያ ለእነዚህ ሰዎች የተሰጠው ትምህርት ምን ነበር? ውድ መድኃኒት አልነበረም። በየቀኑ እጅና እግርን ንጹሕ ውሃ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ያህል መዘፍዘፍ፤ የጠጠረውን ቆዳ ቀስ አድርጎ መፈግፈግ፤ ከዚያ ውሃው ሳይደርቅ ቅባት መቀባት። ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአለርት ሥር የተደራጁ የታማሚዎች ቡድኖች ይህንኑ እርስ በርስ እየተማማሩ፣ አንዱ የሌላውን ቁስል እያየ፣ ራሳቸውን ሲንከባከቡ ኖረዋል።

ሌላም ምሳሌ አለ። በባዶ እግር በቀይ አፈር ላይ በመሥራት የሚመጣ የእግር እብጠት በአገራችን ደጋማ ቦታዎች ብዙ ሰው ይጎዳል። በሰሜን ኢትዮጵያ በዚህ ሕመም በተያዙ ሰዎች ላይ ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ አደረጉ። ለአንዱ ቡድን የተለመደውን እጥበትና ቅባት ሰጡ። ለሌላው ቡድን ደግሞ በመዘፍዘፊያው ውሃ ላይ 2 ከመቶ ግሊሰሪን ጨመሩ፤ የውሃውንም መጠን ከ6 ሊትር ወደ 1 ሊትር ቀነሱት። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ታተመ። ግሊሰሪን የተጨመረላቸው ሰዎች ቆዳ እርጥበት በመያዝ በልጦ ተገኘ፤ ውሃም ተቆጠበ። ውሃ ከሩቅ ቀድታ በጀርባዋ ለምታመጣ እናት ይህ ትልቅ ዜና ነው።

ከሁለቱም ምሳሌዎች የምንወስደው አንድ ነው። ቅባት ውሃ አይሰጥም፤ ያለውን ውሃ ይይዛል። ስለዚህ ቅባቱ መምጣት ያለበት ውሃው ቆዳው ውስጥ እያለ ነው። ገና እርጥብ ሳለ!

[አጭር ሙዚቃ]

አቅራቢ፦ እንግዲህ ወደ ተግባር እንግባ። ሦስት ነገር ነው። እርሳስና ወረቀት ያላችሁ ጻፉ፤ የሌላችሁ በጣታችሁ ቁጠሩ።

አንደኛ፣ በልኩ መታጠብ። ለብ ባለ ወይም በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡ። ለእጅ የገላ ሳሙና በቂ ነው፤ የልብስ ዱቄት ሳሙና፣ ላርጎ የምንለው ፈሳሽ ሳሙናና በረኪና ለዕቃና ለልብስ ናቸው። ሳሙናው በጣቶቻችሁ መካከልና በቀለበት ሥር እንዳይቀር በደንብ አስለቅቁት። ሲያልቅ በጨርቅ አትፈግፍጉት፤ መታ መታ አድርጋችሁ አብሱት፣ ትንሽ እርጥበት ይቅር።

ሁለተኛ፣ ገና እርጥብ ሳለ መቀባት። ከታጠባችሁ በኋላ ወዲያውኑ፣ አንድ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ቫዝሊን ወስዳችሁ በእጃችሁ ጀርባ፣ በመዳፍ፣ በጣት ጫፍና በጥፍር ዙሪያ አዳርሱት። ትንሽ ይበቃል። ማታ አንድ ጊዜ በብዛት ከመቀባት ቀን ደጋግሞ በትንሹ መቀባት ይሻላል።

ሦስተኛ፣ እጅን መሸፈን። ዕቃና ልብስ ስታጥቡ፣ ሲሚንቶ ስትነኩ የላስቲክ ጓንት አድርጉ። የላስቲክ ጓንት ውስጡ ካላበ ራሱ ቆዳን ያበላሻል፤ ስለዚህ ከሥሩ ስስ የጥጥ ጓንት ቢኖር ጥሩ ነው፤ ከሌለም በየመሀሉ እያወለቃችሁ አናፍሱት። ውስጡ የረጠበ ጓንት አታድርጉ።

ስንቱ ሆነ? በልኩ መታጠብ፣ ገና እርጥብ ሳለ መቀባት፣ መሸፈን። ሦስት።

እጃቸው አስቀድሞ ለተሰነጠቀባቸው ደግሞ የማታ ሕክምና አለ። ለአሥር ደቂቃ ያህል ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ ውስጥ እጃችሁን ዘፍዝፉ። ፋርማሲ የሚሸጠው ግሊሰሪን ካላችሁ በአንድ ሊትር ውሃ ላይ አራት የሻይ ማንኪያ ጨምሩበት። አውጥታችሁ በስሱ አብሱ፤ ቫዝሊኑን በዛ አድርጋችሁ ቀቡ። ከዚያ ንጹሕ የጥጥ ካልሲ እጃችሁ ላይ አጥልቃችሁ ተኙ። ካልሲ ከሌለ የታጠበ አሮጌ ነጠላ ቀዳችሁ ጠቅልሉት። ጠለቅ ያለ ስንጥቅ ካለ ከቀባችሁት በኋላ በፕላስተር ሸፍኑት፤ ሲታጠፍ እንዳይከፈት ይረዳል። ይህን ሳታቋርጡ ለሁለት ሳምንት አድርጉ።

[ሙዚቃ]

አቅራቢ፦ "የትኛው ቅባት ይሻላል?" የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል።

እርጥበትን በመያዝ ቫዝሊንን የሚያህል የለም፤ ደግሞም ርካሽ ነው። ታሪኩም ከሠራተኛ እጅ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1859 ሮበርት ቼስብሮ የተባለ አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ባለሙያ ወደ ፔንሲልቬንያ የነዳጅ ጉድጓዶች ሄደ። እዚያ ያሉ ሠራተኞች በመቆፈሪያው ዘንግ ላይ የሚጋገረውን ጥቁር ቅባት እየጠረጉ የተቆረጠና የተቃጠለ እጃቸውን ሲቀቡ አየ። ያንን አጣርቶ ነጭ ቅባት አወጣ፤ በ1872ም የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ዛሬ በየሱቁ የምናገኘው ቫዝሊን እሱ ነው።

ቅቤስ? ለጋ ቅቤ ቆዳ ያለሰልሳል፤ እናቶቻችን ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ችግሩ ቶሎ ይሸታል፣ ዝንብ ይስባል፤ በደንብ ያልተያዘ ከሆነም ጀርም ይኖረዋል። ያልተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ቢቀባ ክፋት የለውም። የተከፈተና የሚደማ ስንጥቅ ላይ ግን ቅቤ አታድርጉ። ቅመም የገባበት የተነጠረ ቅቤማ በፍጹም አይሆንም።

ንጹሕ ግሊሰሪን ብቻውን በደረቅ እጅ ላይ ቢቀባ፣ አየሩ ደረቅ ሲሆን ውሃ የሚስበው ከራሱ ከቆዳው ነው። ስለዚህ በውሃ አቅጥኑት፤ ከላዩ ቫዝሊን ድረቡበት።

ካፋ የማር አገር ነው። ከረጃጅም ዛፎች ላይ ከሚሰቀለው ቀፎ ማር ብቻ አይወርድም፤ ሰምም አለ። ጠጅ ተጥሎ ሲጣራ የሚቀረው ሰፈፍ በየቤቱ ብዙ ጊዜ ይጣላል። ከእሱ ጥሩ የእጅ ቅባት ይወጣል፤ አሠራሩም እንዲህ ነው። ሰፈፉን በውሃ ቀቅላችሁ በጨርቅ አጥልሉት፤ ሲቀዘቅዝ ንጹሑ ሰም ከላይ ይረጋል። በሚዛን አንድ እጅ ሰም በአራት እጅ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ትንሽ ጣሳ ውስጥ አድርጉ። ጣሳውን የፈላ ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ አስቀምጣችሁ እስኪቀልጥ አማስሉት። ሰም ይነዳል፤ ስለዚህ ጣሳውን በቀጥታ እሳት ላይ እንዳትጥዱ፣ ልጆችንም አርቁ። ሲረጋ ለስላሳ ቅባት ይሆናል። መጀመሪያ በክንዳችሁ መታጠፊያ ላይ ትንሽ ቀብታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ፤ ካላሳከከ ተጠቀሙበት።

ቡና ላይ ለምትሠሩ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ። ቡና የሌላ ነገር ሽታ ቶሎ ይወስዳል። ሽቶ ያለው ሎሽን ተቀብቶ የተሰጣ ቡና ማገላበጥ የለፋችሁበትን ጥራት ያበላሻል። የሻይ ቅጠልም እንደዚሁ ነው። ሽታ የሌለውን ቅባት ምረጡ። እሱንም የምሳ እረፍት ስትወጡና ሥራ ስትጨርሱ ታጥባችሁ ቀቡት፤ ቡናው ውስጥ እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት የተረፈውን ቅባት በጨርቅ ጥረጉ።

[አጭር ሙዚቃ]

አቅራቢ፦ አሁን ደግሞ የማይደረገው።

የቡናና የእንሰት እድፍ ለማስለቀቅ ሎሚ የምትፈገፍጉ አላችሁ። ሎሚ ስንጥቁን ያቃጥላል፤ ከዚያም በላይ ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ውሃ ሊቋጥርና ለሳምንታት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ሊያወጣ ይችላል። በአሸዋ፣ በነጭ ጋዝ ወይም በበረኪና እጅ ማሸትም ቆዳን መግፈፍ ነው። እድፉ በሁለት በሦስት ቀን ራሱ ይለቃል፤ ይተው።

በየሱቁ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ፣ ስቴሮይድ ያለባቸው ቅባቶችም አሉ። ለጥቂት ቀን እጁ የዳነ ይመስላል። ሲቆይ ግን ቆዳው ይሳሳል፣ በትንሽ ነገር ይቆስላል። ሐኪም አይቶ ለተወሰነ ቀን ካላዘዘው በቀር አትጠቀሙበት።

"እንግዲያው መታጠቡን ልተወው?" የሚል ካለ፣ አይሆንም! መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን ከተገለጸ በኋላ እጅ መታጠብ ምን ያህል ሕይወት እንደሚያድን ሁላችንም ተምረናል። ከመጸዳጃ ቤት በኋላ፣ ምግብ ከመንካት በፊት፣ ሕፃን ከማጥባት በፊት በሳሙና መታጠብ ግድ ነው። ታጥቦ መቀባት እንጂ መታጠብ መተው መፍትሔ አይደለም።

በሥራቸው ብዙ ለሚታጠቡ የጤና ባለሙያዎች አንድ ነገር እንጨምር። እጅ በዓይን የሚታይ ቆሻሻ ከሌለው የአልኮል ማጽጃው ከሳሙና ይልቅ ለቆዳ ይራራል። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው አሠራር በ10 ሊትር ማጽጃ ውስጥ 145 ሚሊ ሊትር ግሊሰሪን እንዲገባ የተደረገው እጅን ከድርቀት ለመጠበቅ ነው። የተሰነጠቀ እጅ ላይ ግን አልኮል ስለሚያቃጥል መጀመሪያ ስንጥቁን አድኑ።

[ሙዚቃ]

አቅራቢ፦ እስካሁን ያልነው በቤት ስለሚድነው ነው። ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው? ይህን በደንብ አድምጡ።

ስንጥቁ ከቀላ፣ ካበጠ፣ መግል ከያዘ፣ ወይም ከእጅ ወደ ክንድ የሚወጣ ቀይ መስመር ከታየ፣ ትኩሳትም ካለ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሂዱ።

ሌሊት ሌሊት የሚያሳክክ ከሆነ፣ በጣቶች መካከል ሽፍታ ካለና የቤተሰቡም ሰው ካሳከከው እከክ ሊሆን ይችላል፤ ቅባት አያድነውም፣ ቤተሰቡ በሙሉ አብሮ መታከም አለበት። ድርቀቱና መላላጡ አንድ እጅ ላይ ብቻ ከሆነ በፈንገስ የሚመጣ ሊሆን ይችላል። ውሃ እየቋጠረ፣ እያሳከከ የሚመላለስ ከሆነም ችፌ ይሆናል፤ ይህም የራሱ ሕክምና አለው። የስኳር ሕመም ያለባችሁ ደግሞ ስንጥቁ ትንሽ ቢሆንም ቶሎ አሳዩት።

ከሁሉም በላይ ይህን አስተውሉ። ስንጥቁ ጥልቅ ሆኖ ሳለ የማያምም ከሆነ፣ እጅ ከደነዘዘ፣ ትኩስ ብርጭቆ ይዛችሁ ሙቀቱ ካልተሰማችሁ፣ ወይም ሰውነት ላይ የደነዘዘና የፈዘዘ ቦታ ካለ፣ የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ተመርመሩ። መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል። ከ6 እስከ 12 ወር ባለ ሕክምና በሽታው ይድናል። ቶሎ የጀመረ ሰው እጁን ሙሉ አድርጎ ያቆያል።

የበዓል እርድም ሲመጣ እጁ የተሰነጠቀ ሰው ባያርድና ሥጋ ባይበልት ይመረጣል። አባ ሰንጋ በተላላጠና በተሰነጠቀ ቆዳ በኩል ይገባል። በድንገት የሞተ ከብት ደግሞ በማንም እጅ መገፈፍ የለበትም፤ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ አስታውቁ።

የት እንሂድ ለምትሉ፣ መጀመሪያ በቀበሌያችሁ ጤና ኬላ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አማክሩ። እሷ ካየችው በኋላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ካስፈለገም ቦንጋ ወደሚገኘው ገብረጻዲቅ ሻዎ ጠቅላላ ሆስፒታል ትልካችኋለች።

[አጭር ሙዚቃ]

አቅራቢ፦ ከመለያየታችን በፊት እስቲ እንጠያየቅ። ቤት ውስጥ አብሯችሁ የሚያዳምጥ ሰው ካለ ጠይቁት፤ ለመልሱ ትንሽ ጊዜ ስጡት።

መዳፍ ከፊት ይልቅ ለምን ይደርቃል? ... የቅባት ዕጢ ስለሌለው።

ቅባት መቼ ይቀባል? ... ከታጠብን በኋላ ወዲያው፣ ገና እርጥብ ሳለ።

እድፍ በሎሚ አስለቅቆ ፀሐይ ላይ መውጣት ምን ያመጣል? ... ቆዳን ያቃጥላል፣ ጥቁር ምልክት ያወጣል።

የማያምም ስንጥቅ ምን ይደረጋል? ... ሳይውል ሳያድር ይመረመራል።

ዛሬውኑ መጀመር ትችላላችሁ። ትንሽ የቫዝሊን ብልቃጥ እጅ መታጠቢያው አጠገብ፣ ከሳሙናው ጎን አስቀምጡ። ሳጥን ውስጥ ያለ ቅባት ይረሳል፤ ከሳሙናው ጎን ያለ ግን አይረሳም። ልጆቻችሁም እናንተን አይተው ይለምዱታል። ከሁለት ሳምንት በኋላ እጃችሁ ምን እንደሆነ ጽፋችሁ ላኩልን፤ ያልተሻለው ካለም ይጻፍ፣ ጥያቄውን ለባለሙያ አቅርበን መልሱን እናሰማለን።

በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ወደ እግር እንወርዳለን። ተረከዝ ለምን ይሰነጠቃል? በባዶ እግር በቀይ አፈር ላይ መሥራትስ ለምን እግር ያሳብጣል? እግሩ ያበጠ ጎረቤት ወይም ዘመድ ያላችሁ እሱንም ጠርታችሁ አብራችሁ አድምጡ። 

[የመዝጊያ ሙዚቃ]